«ጠባሳ» የምንለው ሦስት ነገር ነው፦ ከብጉር በኋላ ፊት ላይ የሚቀር ምልክትና ሕክምናው

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የመዋቢያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ ማስታወቂያዎች «ጠባሳ ማጥፊያ» የሚለው ስም አይጠፋም። በዚህ ስም ክሬም ይሸጣል፣ ሳሙና ይሸጣል፣ ሴረም የሚባል ጠብታ ይሸጣል፤ በአንዳንድ የውበት ሳሎኖች ደግሞ ፊትን በመርፌ መውጋት «የጠባሳ ሕክምና» ተብሎ ይሰጣል። ገዢው በአብዛኛው ብጉሩ ቢለቀውም ምልክቱ ያልለቀቀው ወጣት ነው። ከተገዛ በኋላ የሚነሳው ክርክርም የታወቀ ነው፤ አንዱ «በወር ውስጥ አጥፍቶልኛል» ሲል፣ ሌላው በዚያው ክሬም ፊቱ መበላሸቱን ይናገራል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች «ጠባሳ» ብለው የጠሩት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። ውዥንብሩ ከመድኃኒቱ በፊት የሚጀምረው ከስሙ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር

በአማርኛ ጠባሳ የሚለው ቃል ቁስል ድኖ የሚተወውን ምልክት ሁሉ ይሸፍናል። ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ ለሕክምና ግን አይበቃም። ብጉር ከዳነ በኋላ ፊት ላይ የሚቀረው ከሦስት ነገሮች አንዱ፣ አለዚያም የእነርሱ ቅልቅል ነው።

የመጀመሪያው ጥቁረት ነው። ቆዳው ለጥ ያለ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት አይሰናከልም። ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት በመቅላት፣ በማበጥና በመሞቅ የሚሰጠው ምላሽ፣ ሜላኒን የተባለውን የቆዳ ቀለም የሚያመርቱትን ሕዋሳት ስለሚቀሰቅስ ብጉሩ በነበረበት ቦታ ቀለም ይከማቻል። ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። በሕክምና አነጋገር ግን ጠባሳ አይባልም፤ የቆዳው መዋቅር አልፈረሰምና። ብዙውን ጊዜ ምንም ባይደረግለት እንኳ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ቀለሙ ወደ ጥልቀት ከወረደ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ስርጉድ ነው። እዚህ ላይ ከቆዳው የጎደለ ነገር አለ፤ የጎደለውን ደግሞ የትኛውም ቅባት አይሞላውም። ሦስተኛው ከቆዳው በላይ የሚነሳ እብጠት ሲሆን፣ ከፊት ይልቅ በአገጭ መስመር፣ በደረት፣ በትከሻና በጀርባ ላይ ይበረክታል።

የትኛው እንደሆነ ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብርሃን በጎን በሚገባበት ሰዓት፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ መስተዋት ይዞ መስኮት አጠገብ መቆም ይበቃል። ስርጉድ ከሆነ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ጠርዙ ጥላ ይጥላል፤ ፊት ወደ መስኮቱ ቀጥ ሲል ጥላው ይጠፋል። ጥቁረት ግን ፊት በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ያው ነው። ቀጥሎ ጉንጭን በሁለት ጣት ወጠር ማድረግ ነው። ሲወጠር የሚጠፋው ስርጉድ ሰፊና ከሥር ወደ ታች የተጎተተ ዓይነት ሲሆን፣ ተወጥሮም የማይጠፋው ጠባብና ጥልቅ ወይም ጠርዙ የደረቀ ነው። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ «ጠባሳ ማጥፊያ» የተባለው ዕቃ ለየትኛው እንደሆነ ሻጩን ለመጠየቅ ግን ያስችላል።

ስርጉዱ ከየት ይመጣል?

ብጉር የሚጀምረው ፀጉር የሚወጣበት የቆዳ ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቅርፊት ሲደፈን ነው። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ግድግዳው ሲፈነዳ ይዘቱ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ይፈስሳል። ሰውነት ይህን ለማጽዳት የሚልካቸው ሕዋሳት የሚያመነጩት ኢንዛይም ቆሻሻውን ብቻ ለይቶ አይበላም፤ ኮላጅንንም አብሮ ያፈርሳል። ኮላጅን እንደ ድርና ማግ ተሸምኖ ለቆዳ ጥንካሬና ውፍረት የሚሰጥ ፕሮቲን ነው። ቁስሉ ሲድን የተሠራው ኮላጅን ከፈረሰው ካነሰ ቦታው ይሰረጉዳል፤ ከበለጠ ደግሞ ያብጣል። ከብጉር ጠባሳዎች ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያው ዓይነት እንደሆኑ የቆዳ ሕክምና ጽሑፎች ይገልጻሉ።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ብዙዎች የማይወዱት ነው። ለጠባሳ የሚሆነው ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የተሻለ ሕክምና ብጉሩን ቶሎ ማከም ነው። ብግነቱ በቆየ ቁጥር ስርጉዱ ይበዛል፤ «ጉርምስና ነው፣ ሲያገባ ይለቀዋል» እየተባለ የሚታለፈው ጊዜ ጠባሳው የሚሠራበት ጊዜ ነው። በጥፍር ማፍረጥም መግሉን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ያህል ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በነገራችን ላይ ለፀጉር የሚቀባ ቅቤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ወደ ግንባር እንደሚወርድ የሚታወቅ ነው፤ ቅባት የበዛበት ነገር ደግሞ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ቀዳዳ እየደፈነ ብጉር ያባብሳል። ቅቤውን መተው ግዴታ አይደለም፤ ግንባር እንዳይነካ ማሰርና ቶሎ መታጠብ ይበቃል።

ለቀላልና ለመካከለኛ ብጉር አዳፓሊን እና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባሉት የሚቀቡ መድኃኒቶች የታወቁ ናቸው። ሁለቱ በአንድነት ሲሰጡ አዲስ ስርጉድ እንዳይፈጠር ከመከላከል አልፈው ያለውንም በመጠኑ እንደሚያሻሽሉ ታይቷል። ለከባድና ጠባሳ ለሚተው ብጉር የሚዋጠው አይዞትሬቲኖይን አለ፤ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ውጤቱ ጠንካራ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ግን በጽንሱ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ያለ እርግዝና ምርመራና ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ሊወሰድ አይገባም። ይህን መድኃኒት በጓደኛ ምክር ከፋርማሲ መግዛት ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የከፋ ነው።

ጥቁረቱና የክሬሙ ወጥመድ

በገበያ ላይ ያለው «ጠባሳ ማጥፊያ» አብዛኛው የሚያነጣጥረው ጥቁረት ላይ ነው። ጥቁረት በራሱ የሚፈዝ በመሆኑም ክሬሙ ምንም ባይሠራ እንኳ ምስጋናውን ይወስዳል። ጉዳቱ ግን ምስጋና ከመውሰድ ያልፋል።

ፊት የሚያቀሉ ከሚባሉት ክሬሞች መካከል ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ስቴሮይድ ብግነትን የሚያፍን መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲቀባ ለብዙ የቆዳ ሕመሞች ይጠቅማል። ወጥመዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፊት ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ብጉሩም የጠፋ ይመስላል፤ ተጠቃሚውም ለጎረቤቱ ይመክራል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ላይ ጸጉር ይበዛል፣ ከስቴሮይዱ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ብጉር ይወጣል። ክሬሙ ሲቆም የታፈነው ብግነት ገንፍሎ ስለሚመለስ ሰውየው «ካልተቀባሁ ይብስብኛል» ብሎ ወደዚያው ይመለሳል። ብጉርን ለማጥፋት የተገዛው ነገር ብጉርን፣ ብጉሩም ጠባሳን ይወልዳል ማለት ነው።

ሃይድሮኪኖን የሜላኒንን ምርት የሚቀንስ መድኃኒት ሲሆን፣ በ4 በመቶ መጠን፣ ለተወሰኑ ወራት፣ በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ይሠራል። ለዓመታት በዘፈቀደ ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የተባለ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህም ለማስለቀቅ እጅግ አዳጋች ነው። ጉዳቱ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ተገልጾ የታወቀ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች አስወጥቶታል። ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞች ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን 1 ክፍል በላይ ሜርኩሪ የያዙ የቆዳ ማቅያዎች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ደንግጓል። በአገራችን መዋቢያዎችን ጭምር የሚመለከተው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ስያሜውና የውስጥ ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተቀንሶ የሚሸጥ ቅልቅል ክሬም ግን የትኛውንም ሕግ አልፎ እጅ የገባ ነውና ገዢው ውስጡ ያለውን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

የቤት ውስጥ መላም ከጥያቄ አያመልጥም። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ በሎሚው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት ይተዋል። ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙናም ያቆስላሉ። ሬት ማለስለሱ አይካድም፤ ስርጉድ ግን አይሞላም።

በጥቁረቱ ላይ የሚሠራው ነገር ፀሐይን መከላከል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጎጃም እናቶች ከገበያ ሲመለሱ የሚይዙት ጥላና ፊት ላይ ጣል የሚያደርጉት ነጠላ ከብዙ ውድ ክሬሞች ይልቅ ትክክለኛ መከላከያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰንስክሪን የተባለውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚገዛ ሰው የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ከተገኘም የብረት ኦክሳይድ ያለበትንና የቆዳ መልክ የተሰጠውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነውና። በዚህ ላይ የሚቀባው አዜላይክ አሲድ ወይም አዳፓሊን ሲታከልበት የጥቁረቱ መፍዘዝ ይፈጥናል።

ስርጉድን ማከም

ስርጉድ ራሱ ሦስት መልክ አለው፤ ሕክምናውም እንደ መልኩ ይለያያል። አንዱ በወስፌ የተወጋ የሚመስለው፣ አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ግን ወደ ውስጥ የጠለቀው ነው። ሁለተኛው አፉ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ የሚመስል ነው። ሦስተኛው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጠርዝ የሌለው፣ ፊትን ወጣ ገባ ሜዳ የሚያስመስል ሲሆን፣ መንስኤው ቆዳውን ከሥር ወደ ታች የሚጎትቱ ጅማት መሰል ክሮች ናቸው። በአንድ ጉንጭ ላይ ሦስቱም ሊገኙ ስለሚችሉ «ለጠባሳ የሚሆነው አንዱ ሕክምና የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

በወስፌ ለተወጋ መሰሉ ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት ትራይክሎሮአሴቲክ የተባለ ጠንካራ አሲድ ነጥብ በነጥብ ማስነካት ነው። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሐኪሙ የሾለ እንጨት፣ ብዙ ጊዜም ተራ ስቴኪኒ፣ ጫፉን አሲዱ ውስጥ ነክሮ የቀዳዳውን ወለል ብቻ ይጫናል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነጥቡ ዱቄት የነካው ያህል ይነጣል፤ በቀናት ውስጥ ቅርፊት ይዞ ይረግፋል፤ ቀዳዳው ከሥሩ በአዲስ ኮላጅን እየሞላ ይመጣል። በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል። የአሲዱ መጠን ከ65 እስከ 100 በመቶ ስለሚደርስ አንዲት ጠብታ ከቀዳዳው ውጪ ብትወድቅ ራሷ አዲስ ጠባሳ ትሆናለች። በኢንተርኔት አዝዞ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ለወጣ ገባው ዓይነት ከላይ የሚደረግ ነገር ብዙም አይረዳም፤ ችግሩ ከሥር ነው። ሰብሲዥን የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በሕክምና መጽሔት የተገለጸ ሲሆን፣ ቦታው ከደነዘዘ በኋላ መርፌ በቆዳው ሥር አግድም ገብቶ የሚጎትቱትን ክሮች ይበጥሳል። ክሮቹ ሲበጠሱ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ያለ የመንኮሻኮሽ ስሜት ለሐኪሙ እጅ ይሰማል። ፊቱ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ይበልዛል፤ ከሥር የሚረጋው ደም ራሱ ቆዳውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አዲስ ኮላጅንም ይጋብዛል። ውድ መሣሪያ አለመፈለጉ እንደ እኛ ላለ አገር የሚመች ያደርገዋል፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ከሚገባው ያነሰ የሚወራለት ሕክምና ይህ ነው።

ማይክሮኒድሊንግ ጥቃቅን መርፌዎች ባሉት ብዕር መሰል መሣሪያ ቆዳውን በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች መውጋት ነው። ለጠባሳ የሚያገለግለው ጥልቀት 1.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከ3 እስከ 6 ጊዜ፣ በወር ገደማ ልዩነት ይሠራል። መለስተኛ ስርጉድን ያሻሽላል። አደጋው ዘዴው ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ ነው። ብጉር ባለበት ፊት ላይ መርፌው ሲንከባለል መግሉን ያዛምታል፤ በሳሎን ውስጥ አንዱ መርፌ ለሁለት ሰው ከዋለ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ሊተላለፉ ይችላሉ። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ፈቃድ ባልነበረውና እ.ኤ.አ. በ2018 በተዘጋ የውበት ቤት፣ ከደም በተዘጋጀ ፈሳሽ በታጀበ ማይክሮኒድሊንግ ምክንያት ደንበኞች በኤችአይቪ ሳይያዙ እንዳልቀሩ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 አስታውቋል። መርፌው ከታሸገ ዕቃ ፊት ለፊት ሲከፈት ማየት የደንበኛው መብት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ለመጥቀስ፣ ጠርዙ የደረቀና ጥልቅ የሆነውን ስርጉድ ቆርጦ በመስፋት ማስተካከል ይቻላል፤ ፊለር የተባለውን መሙያ በመርፌ ማስገባትም አለ፣ የአብዛኞቹ መሙያዎች ውጤት ግን ጊዜያዊ ነው። በአሲድ ፊትን በስሱ መላጥ፣ ፒሊንግ የሚባለው፣ ለጥቁረትና ለላይ ላዩ ወጣ ገባ እንጂ ለጥልቅ ስርጉድ አይበቃም።

ሌዘር የግድ ይበልጣል?

በሕዝብ ዘንድ ሌዘር የሕክምናዎች ሁሉ መጨረሻ ተደርጎ ይታያል። ለዚህ መነሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተዋወቀው ፍራክሽናል ሌዘር ጨረሩን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ በመካከሉ ጤነኛ ቆዳ ስለሚተው፣ ፊትን በሙሉ ከሚልጠው ከቀድሞው አሠራር ይልቅ ማገገሙን አፍጥኖታል። በተለይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በጥልቅ ስርጉድ ላይ ጠንካራ ውጤት ያሳያል።

ጥያቄው ለማን የሚለው ነው። ሐኪሞች የቆዳን ቀለም ከ1 እስከ 6 በሚደርስ የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ይመድባሉ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በእነዚህ ደረጃዎች የሌዘሩ ሙቀት ራሱ ሜላኒን አምራቾቹን ስለሚቀሰቅስ ስርጉዱን ለማከም የገባ ሰው ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይዞ ሊወጣ ይችላል። አንደኛው ወገን፣ ኃይሉ ዝቅ ተደርጎ፣ ነጥቦቹ ተራርቀው፣ ከፀሐይ ጥበቃ ጋር ከተሠራ አደጋው ይቀንሳል ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ሌላኛው ወገን፣ መርፌና ሰብሲዥን ሙቀት ስለሌላቸው ለጠቆረ ቆዳ መጀመሪያ መቅረብ ያለባቸው እነርሱ ናቸው ባይ ነው። ሁለተኛው አመለካከት ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል። ሌዘሩን ስለማይረባ መጣል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከማሽኑ ይልቅ የሚሠራበትን ሰው በጠቆረ ቆዳ ላይ ያለውን ልምድ መጠየቅ ነው።

ሌላም የሚያከራክር ነጥብ አለ። አይዞትሬቲኖይን የጨረሰ ሰው ከ6 እስከ 12 ወር ምንም ዓይነት የጠባሳ ሕክምና አያድርግ የሚለው ምክር ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ የባለሙያዎች መግባቢያ ግን ለቀላል ፒሊንግና ቆዳን ለማይልጡ ሌዘሮች ይህን ያህል መጠበቅን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ቆዳን በሙሉ ለሚልጡት ጥንቃቄው አሁንም አለ።

የሚያብጠው ጠባሳ ለብቻው መታየት አለበት

ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ እብጠት ነው፤ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበረክታል፣ በቤተሰብም ይወረሳል። ትራያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ በየ4ና በየ6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ መወጋት የተለመደው ሕክምና ሲሆን፣ የሲሊኮን ጄልም ያግዛል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ትልቅ ኬሎይድ ያስከትላል። በራሱ ወይም በቤተሰቡ ኬሎይድ ያለበት ሰው ማይክሮኒድሊንግም ሆነ ሌዘር ከመጀመሩ በፊት ይህን መናገር ይኖርበታል።

የት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ?

በጎጃም ለሚኖር ሰው መንገዱ የሚጀምረው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው፤ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ሪፈር የሚቀበሉ ናቸው፤ ከዚያ ሲያልፍ በቆዳ ሕክምና ስሙ የቆየው አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል አለ። ብጉሩን ማከምና ጥቁረቱን መከታተል በአቅራቢያ የሚቻል ነው። ከባዱ የስርጉዱ ሕክምና ነው፤ ዋጋው ለአንድ ጊዜ ተነግሮ ሕክምናው ግን አራትና አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ በየወሩ መመላለስ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን እንኳ፣ ከሕክምናው ዋጋ ያላነሰ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የጠቅላላውን ዙር ብዛትና ዋጋ፣ በመካከል ቢቋረጥ የሚሆነውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰብሲዥንና አሲድ ማስነካት በአንድ ቀጠሮ ሊሠሩ ስለሚችሉ ጉዞን ይቀንሳሉ።

የሚጠበቀውን ውጤት በተመለከተ፣ ስርጉድ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በግማሽ ያህል መሻሻሉ እንደ ጥሩ ውጤት ይቆጠራል። ለውጡም ወዲያው አይታይም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት የሞላ የሚመስለው ከማበጥ ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ኮላጅኑ ተሠርቶ እስኪደራጅ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ንጽጽሩ ትክክል እንዲሆን ፎቶው በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ጎን መነሳት አለበት፤ በማስታወቂያ ላይ ከሚታዩት «በፊትና በኋላ» ምስሎች ብዙዎቹን የሚለያያቸው ሕክምናው ሳይሆን መብራቱ ነው።

በዚህ ስሌት ለጥር ሠርግ የታሰበ ሕክምና ቢዘገይ በሰኔ መጀመር ይኖርበታል። ክረምቱ ለዚህ ይመቻል፤ ፀሐዩ ይበርዳል፣ የእርሻ ሥራ የሌለበት የከተማ ሰውም ቤት ይውላል። ደመናው ግን ከጎጂው ጨረር ብዙውን ስለሚያሳልፍ፣ በሐምሌ ጭጋግም ቢሆን ጥላውና ሰንስክሪኑ አይቀሩም።